በባትሪው ውስጥ የቀረው

ለምወድሽ ለልጄ ባለቤት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍሽስ፣ ያ የሚነዘንዝሽ ወገብሽስ? እኔ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ ተቀምጫለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል።

ነገሩ የኤሌክትሪክ መኪናው ነው፤ ልጄ እስኪያርፍ ሲሠራበት የነበረው፣ አንቺም ልሥራበት ብለሽ መንጃ ፈቃድ ያወጣሽለት። ሊገዛው የመጣ የመኪና ነጋዴ አስነሳው። ከመሪው ፊት ያለውን ቁጥር አየና፣ ባትሪው ግማሽ አቅሙን አጥቷል፣ ለመለዋወጫ እንጂ ለሥራ አይሆንም አለኝ። ልሸጥለት ምንም አልቀረኝም። አንቺ በምን ትሠሪያለሽ የሚለው ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጄ መኪናውን ያሳየው የነበረውን መካኒክ ጠራሁት። ሳይለካ ሻይ እንኳ ጣፍጧል ስለማይል ሰፈሩ ልኬ የሚለውን። መጀመሪያ የጠየቀኝ ቻርጅ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ነው። እኔ ነኝ አልኩት። ልጄ እንደሚያደርገው ማታ ማታ ገመዱን እሰካለሁ፣ ጥቂት ቆይቼ እነቅላለሁ። መኪናው ግን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ልኬ ሳቀና፣ እማማ፣ ሳይርበው እያጎረሱት ነው አለኝ። ቁጥሩ ግምት ነው አለ፤ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ እስከ ታች ካልወረደ መኪናው ግምቱን ይስታል። ነጋዴው ደግሞ በብርድ ጠዋት ነው ያየው፤ ሰውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ድንጋይ አንሳ እንደማለት ነው አለ።

ጢም አድርጎ ሞላው፤ አሳረፈው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል መለኪያውን ሰክቶ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይነዳው ጀመር። እኔም ጎን ወንበሩ ላይ የነበረውን የልጄን ጃኬት ታቅፌ ተቀመጥኩ። የቀረው ቻርጅ ቁጥር እየወረደ ሲሄድ ጨነቀኝ። ልትገድለው ነው ወይ አልኩት። እማማ፣ የወጣውን ካልቆጠርን የያዘውን አናውቅም አለኝ። ያኔ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ሊያልቅ ሲል ግቢ ገባን። የወጣውን አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ጋር አስተያየው። ያጣው ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ነው። አላመነም፤ በማግስቱ ደገመው፤ ያው ሆነ። ገና ብዙ መንገድ ይሄዳል አለኝ። እኔም ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

አልሸጥኩትም። የአንቺ ነውና ነይ ውሰጂው። ብቻሽን ግን አትምጪ። ባለፈው ስደውል ከኋላሽ ሲስቅ የሰማሁት ሰው፣ ቴሌቪዥን ነው ያልሽኝ፣ አሳሳቁ ደስ ይላል። ቴሌቪዥን ስምሽን እየጠራ አይስቅም፣ ልጄ። ጃኬቱን አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የጎን ወንበሩ ባዶ ነው።

መንገድሽ ይቅና፤ ቤትሽ ይሙቅ፤ የጎደለሽን ይሙላልሽ።

አማትሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ ተውኩት።

እናትሽ