ስለ ኮሌታ ለጠየቀችኝ ሴት የሰጠሁት መልስ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት እየላክሽ ነው የምታስገዢው? ባልሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ መነጽሬን ካደረግሁ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ስለ ባለቤቴ በቦታው እጽፍልሻለሁ፤ ነገር በተራው ሲነገር ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ስለ ልጅሽ ላውራሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ስፌት ያስተማርሽበትን እውቀት ይዘሽ አትሙቺ ብላ ብሎግ የከፈተችልኝ እሷ ናት። ስለ አሮጌ ልብስ እድሳት ጻፍኩ፤ ገበር እንዴት እንደሚቀየር፣ ክርኑ የተበላ ኮት እንዴት እንደሚጠገን። ማንም አላነበበም። ልጅሽ እየመጣች ስልኳን ታይና፣ «አክስቴ፣ ያየነው እኔና አንቺ ነን፤ እኔም ሁለቴ ከፍቼው ነው» ትለኝ ነበር። አንባቢ እንዲመጣ ርእሱን አሳጥሪ፣ ፎቶ ጨምሪ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ጠይቂ አለችኝ። መልሱን እያወቅሁ ለምን እጠይቃለሁ ብዬ እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ብሎጉ ላይ ከጽሑፌ ሥር ጻፈችልኝ። አንገቱ ያለቀ የሸሚዝ ኮሌታ ተፈትቶ እንዴት እንደሚገለበጥ ጠየቀች፤ ከዚያ በፊት ግን በወጉ፣ እርስዎና ባለቤትዎ እንደምን አላችሁ ብላ ነበር። እኛ እንዴት እንደተማርን ታውቂያለሽ፤ አንድ ጥያቄ የዘለልንበትን ወረቀት አስተማሪያችን ፊታችን ላይ ነበር የምትወረውረው። ስለዚህ ሁለቱንም እዚያው መለስኩ። ኮሌታውን በሦስት መስመር፤ ስለ ባለቤቴም እውነቱን፦ እግሮቹ እንደማይታዘዙለት፣ ሽንቱን መያዝ እንዳቃተው፣ ሳጥበው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚያለቅስ። ደህና ነው ብል ውሸት ይሆን ነበር።

ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ስለ ኮሌታው ያነሳ የለም፤ «ጋሼ ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ነው የሁሉም ጥያቄ። የማናውቃቸው፣ የማያውቁን ሰዎች ናቸው፣ ምን ይጎዳል ብዬ ለእያንዳንዱ እውነቱን መለስኩ። ልጅሽ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፤ ስፌቱን ተይው፣ አንባቢ ያገኘሽው በጋሼ ነው አለችኝ። ያን ቀን መቆጣት ነበረብኝ። ግን እህቴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአፌ የሚወጣውን የሚጠብቅ ሰው አልነበረኝም።

ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ በራችንን አንኳኳ። ባለቤቴ የሰርጉን ሱፍ የሰፋለት የድሮ ደንበኛው ነው፤ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኗል። በእጁ የአዋቂ ዳይፐር ይዟል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡ ሁሉ ብሎጉን እንደሚከታተል፣ ሚስቱም ስለ እጥበቱ ያነበበች ቀን ስታለቅስ እንደዋለች በቅንነት ነገረው። ባለቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ደንበኛ ፊት ያለ ኮት ቆሞ አያውቅም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና ሰውየውን አመሰገነው።

እንግዳው ሲወጣ ሁሉንም አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት፤ ሳነብ አልዘልም። ስጨርስ ስንት ሰው እንደሚያነበው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ሱቄ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ያህል ሰው አልገባበትም» አለ። «ገላዬ ከእጄ ሥራ በልጦ ተገኘ።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አላስነካኝም። ታች ያለው ፀጉር አስተካካይ እየመጣ ያጥበው ጀመር፤ እኔ ከበር ውጭ ሆኜ ውሃ አቀብላለሁ። ፎጣ ይዤ ስገባ እጄን ይገፋዋል። አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ብቻ «አንቺ ጻፊ» ይለኛል።

ብሎጉን ዝጊልኝ ብዬ ልጅሽን ለመንኳት፤ የይለፍ ቃሉ እሷ ዘንድ ነው። ገና ማደግ ሲጀምር እንዴት ይዘጋል፣ የተበተነ አንባቢ አይሰበሰብም፣ ጋሼም ሲሻላቸው ይረሱታል አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ገበና የሚባለውን ቃል ግን ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ እንኳ ሰምቼው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩን አልጠራሁትም። በሩን ቆለፍኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ውሃውን ለብ አደረግሁ። ከራሱ እስከ እግር ጣቱ አጠብኩት። እጄን አልገፋም። ግራጫውን ኮት አለበስኩት፤ በጣም ከስቶ ስለነበር ጀርባውን በመርፌ ሰብሰብ አደረግሁለት። ከፊት አይታወቅም።

ስልክ ያልደወልኩት ስልክሽን የምታነሳልሽ ልጅሽ ስለሆነች ነው። ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር የታመነ ሰው ነው፤ ዛሬውኑ ከእጅሽ ይገባል። መጀመሪያ ልጅሽን ፊትሽ አስቀምጠሽ ብሎጉን አዘጊያት። ከዚያ ንገሪያት። ከዚያ ጥቁርሽን ለብሰሽ ይዘሻት ነይ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ። እነዚያ ሰዎች ከንጋት ጀምሮ እንዴት አደሩ እያሉ ነው፤ ለማንም አልመለስኩም።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ባልሽን ያቆይልሽ።

ታላቅ እህትሽ