በቀኜ በኩል የሚቆሙ እንግዶች

ካርቲየ 2፣ ጅቡቲ
ሐምሌ 2007 ዓ.ም.

ውድ ሲምቦ፣

በሕይወት መኖርሽን ያወቅኩት ከጉግል ነው ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን በተሻገርሽ ሰሞን አንዲት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። ወደብ ድረስ ወርጄ ጠየቅኩ፤ የተሳፋሪዎቹን ስም የሚያውቅ አልነበረም። አርሂባ ሰፈር አብረን የተከራየነውን ክፍል ብቻዬን ልይዘው ስላልቻልኩ ለቀቅኩ። ስልኬም ተሰረቀ፤ ቁጥሬም አብሮ ሄደ። ብትደውዪም የምታገኚኝ በየት በኩል ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ማጽናናቱንም ተውኩት።

አሁን ካርቲየ 2 ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። ደንበኞቼ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ፤ እነሱ ከከተማ ውጭ ማደር ሲጀምሩ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ከፔንሲዮኑ ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ ዓብዱረዛቅ የሚባል ሰው ኢንተርኔት ቤት አለው። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል። «ድረ ገጽ ልሥራልሽ» አለና ሠራልኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥሬ፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ጥቂት ቃል። ማንም አልመጣም።

«መኖሩን ሰው በምን ያውቃል?» አልኩት።

«አያውቅም» አለኝ። «ጉግል ላይ ሲፈልጉ እንዲወጣ ማድረግ አለብን።»

መጀመሪያ ማስታወቂያ ሞከርን። ሰው «ሆቴል ጅቡቲ» ብሎ ሲጽፍ የእኛ ስም ከላይ ይወጣል፤ በተነካ ቁጥር ገንዘብ ይቆረጥብናል። የደወሉት አብዛኞቹ መዋኛ አለ ወይ የሚሉ ፈረንሳዮች ነበሩ። ክፍያውን ስናቆም ስልኩም ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ የማናውቀው ሰው በኢሜይል «ወደ ገጻችሁ የሚያመሩ ሊንኮች በጅምላ እሸጥላችኋለሁ» አለንና ገዛን። ጭራሽ ከጉግል ላይ ጠፋን። ዓብዱረዛቅ ያን ሁሉ ሊንክ ለማስነሳት ወራት ፈጀበት።

እኔ ደግሞ ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ሊንክ ማለት ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ቃል ነው፤ ታዲያ ሲበዛ ለምን ይጎዳል?

«አምቡሊ ከአውሮፕላን ወርደሽ ማደሪያ ብትፈልጊ ማንን ታምኛለሽ?» አለኝ ዓብዱረዛቅ። «ተከፍሎት የሚጮኸውን ደላላ ነው ወይስ ሰፈሩ የሚያምነውን ባለሱቅ?»

«ባለሱቁን ነዋ።»

«ጉግልም እንደዚያው ነው። ሰው የሚያምነው ገጽ ወደ አንቺ ሲጠቁም ያምንሻል። ደላላ ከቦሽ ሲጮኽ ካየ ግን ይጠረጥርሻል።»

ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ሲበረታ እሱ ቤት ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ማን ከየት ወደ ገጻችን እንደመጣ የሚያሳየውን የኮምፒውተር መስኮት ማየት ልማዴ ሆነ። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

የየመን ጦርነት ሲነሳ ግን ከዓደንና ከሞካ በጀልባ የሚመለሱ የእኛ አገር ሴቶች በሬን ማንኳኳት ጀመሩ፤ የቤቴን ፎቶ በስልካቸው ይዘው። ይህስ ይሁን፤ የገረመኝ ሌላ ነው። ሁሉም ሊያናግሩኝ ሲሉ ዞረው በቀኜ ይቆማሉ። ትግስት የምትባለው ልጅ ጠባቡ ኮሪደር ላይ በግራዬ መቆም ስትችል ሻንጣዋን ተሻግራ ወደ ቀኜ መጣች።

«ለምን ዞርሽ?» አልኳት።

«በዚህ በኩል ካልቆምን አትሰሚንም ተብለናል፣ እትዬ።»

«ማን አለ?»

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያነበብኩት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ዓብዱረዛቅ መስኮቱን ሲከፍተው ያ ባዶ የነበረው ገጽ ሞልቷል። ሰዎቹ ጉግል ላይ የሚጽፉት «እህቴ ቤት ጅቡቲ» እያሉ ነው።

«ይህ ቃል እኛ ገጽ ላይ የለም» አለና ራሱ ጻፈው። የእኔ ቤት ከሁሉም በላይ ወጣ። ግንባሩን አከከ። «ገባኝ። አንድ ሰው ‹እህቴ ቤት› ብሎ ጽፎ ቃሉን ከእኛ ገጽ ጋር አያይዞታል። ሌሎችም ከሱ ወስደው እንዲሁ አደረጉ። ጉግል የቤቱ ስም ይህ ነው ብሎ አምኗል።»

«ማነው እሱ?»

ሊንኩን ተከትሎ ሄደ። ዓረብ አገር ለሚሠሩ ሴቶች ምክር የሚሰጥ፣ ከኦማን፣ ከሙስካት የሚጻፍ ገጽ ነው። የጸሐፊዋ ስም የለበትም። ዓብዱረዛቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፤ «ከየመን አምልጣችሁ ጅቡቲ ከደረሳችሁ እህቴ ቤት እደሩ። ስታናግሯት በቀኟ ቁሙ። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ይህን ለሰው መናገር አትወድም።»

ሲምቦ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዓብዱረዛቅ እንኳ ያን ቀን ነው የሰማው። አርሂባ በአንድ ፍራሽ ስንተኛ፣ ወሬሽ እንዳያመልጠኝ ብለሽ ሁልጊዜ በቀኜ የምትተኚው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«በሕይወት አለች» አልኩት። ቁጭ ብዬም አለቀስኩ። እሱም ውሃ አመጣልኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቁጥሬ እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ ለምን አልደወልሽም? ማዳምሽ ስልክሽን ትቆጣጠራለች? ወይስ ሰው ሳልሆን አልደውልም አልሽ? የትኛውም ቢሆን አልቀየምሽም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። መጀመሪያስ እንዴት አገኘሽኝ? ፎቶዬን ስታዪ ምን አልሽ? ወፍራለች አልሽ? ያን ሁሉ ሴት ስትልኪልኝ፣ እኔ አንድ ቀን ከየት መጣችሁ ብዬ እንደምጠይቅ አስበሽ ነበር?

ትናንት ዓብዱረዛቅን ከእኛ ገጽ ወደ አንቺ የሚወስድ ሊንክ አድርግልኝ አልኩት።

«እርስ በርስ መጠቋቆም ጉግል ዘንድ ብዙም አይቆጠርም» አለኝ።

«ለጉግል ብዬ አይደለም።»

«እሺ፣ ምን በሚል ቃል ላይ ላድርገው?»

ስምሽን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ደብቀሽው ከሆነ በእኔ እንዳይገለጥ ፈራሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ገጽሽ ላይ ባለው የኢሜይል አድራሻ ልኬ ራስሽን ልጠይቅሽ ወሰንኩ፤ ምን ብዬ ልጻፍሽ? ዓብዱረዛቅ የሊንኩን ቃል ቦታ ክፍት ትቶታል።

ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ የምጠብቅሽ፣
ኤሌኒ