ጥቁሩ የሐር ሻሽ

ማሳቹሴትስ፣ ከወንዙ ዳር መንደራችን
ጥቅምት 12 ቀን 1667

ለምወድሽ ልጄ ለኬዛያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። እጄ ብዕር አልለመደምና ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ከቦስተን የላክሽልኝ ጥቁር የሐር ሻሽ ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ራሴ ላይ አርፎ አያውቅም። በሰንበት አድርጌው ጸሎት ቤት ሄድኩ። መቀመጫችንን ታውቂዋለሽ፣ በሩ ሥር ነው። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሣው ከፊት ወንበር ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ስንወጣ የዳኛው ሚስት ወይዘሮ ብራክስተን ጠብቃ፣ «ጫማ ሰፊዎች ሐር ከለበሱ እኛ ምን ልንለብስ ነው?» አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሳምንት ሳይሞላ ተከስሼ ቀረብኩ። ሐር ለባለጠጋና ለሹም ቤተሰብ እንጂ እንደኔ ላለች እንዳልተፈቀደ ሕጉን አነበቡልኝ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ መውጫ ሊያበጅልኝ ፈልጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከትልቅ ሰው ጋር ዝምድና ካለሽ ተናገሪና በነፃ ሂጂ።»

የባልሽ አባት ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሻሹን ያመጣልን ጋሪ ነጂ፣ በባልሽ ቤት ወላጆችሽ ሞተዋል እንደሚባል አጫውቶናል። ማን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅሁትም።

«ዘመድ የለኝም፣ ጌታዬ» አልኩ። «አምሮኝ ራሴ የገዛሁት ነው።»

ለቅጣቱ አሳማችንን ነዱት። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና፣ «ከሞትን አይቀር አሳማውን እንኳ በተዉልን» አለኝ። ቀልዱ ደስ አለው መሰለኝ፣ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ወደ መስፊያው ገባ፤ ምሳ ብጠራውም አልመጣም። አንቺን አልተቀየመም። ሰው ከፍ ወዳለበት ሲወጣ መሰላሉን ወደ ኋላ ዞሮ ማየት እንደሚያስፈራው እሱም ያውቃል።

በጸደይ ትወልጂያለሽ ሲሉ ሰማሁ። የመጀመሪያ ምጥ ብቻን የሚወጡት አይደለም። እኔ አንቺን ስወልድ እናቴ ከባሕር ማዶ ነበረች፤ ስሟን ስጠራ ነው ያደርኩት። እናም አራስ የምትንከባከብ ሴት ከተፈለገች፣ «አንዲት የገጠር አሮጊት አውቃለሁ» በያቸው። በጓሮ በር እገባለሁ። ሰው ፊት ወይዘሮ ብዬ እጠራሻለሁ፣ አይከብደኝም። ሕፃኑን አጥቤ ስታቀፈው ማን ምን ይለኛል?

እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ፤ ፍሬሽን ይባርክልሽ። ይህን ወረቀት ካነበብሽው በኋላ ምድጃ ውስጥ ጣዪው።

ፔሼንስ