ረጅሙ መልስ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀመረ። የክፍሉ ማራገቢያ ይንቀጫቀጫል እንጂ ነፋስ የለውም። ከታች ጁስ ሻጯ ዶኛ ቻዮ ብርቱካን ሲጨምቁ የማሽኑ ጩኸት እስከ ላይ ይሰማል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ጩኸት ላይ እየጮህኩ እንግሊዝኛ አስተማርኩ... በማዛትላን ከተማ የእኔን ያህል ጉሮሮ ያለው መምህር የለም።

የመካከለኛ ደረጃ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሃምሳ ጥያቄ፣ ቃላትና ሰዋስው፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ። ራሴ ያወጣሁት። ሆቴሉ ሠራተኞቹን ወደ ትምህርት ቤታችን የሚልከው ለዚህች ፈተና ነው። አርባ ያመጣ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ መቆም ይችላል፣ ያላመጣ ባለበት ይቀራል። በፈተናዬ እኮራለሁ? አዎ፣ እኮራለሁ። ማን ያየኛል እዚህ?

የዛሬው ውጤት ግን ግራ አጋባኝ። ኤሊሴዎ፣ የመዋኛው ባር አስተናጋጅ፣ 47! ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ "እንዴት አደርክ?" ስለው "ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው" የሚለኝ ሰው! ኦርቴንሲያ ደግሞ 37። አሥራ አራት ዓመት የእንግዶች አልጋ ስታነጥፍ፣ ከእነሱ ጋር ስትሳሳቅና ስትከራከር የኖረች ሴት። ባለፈው 36 ነበረች። ሆቴሉ የሚፈቅደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው... አንድ ቀራት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ውጤት ለጠፍኩ። ኦርቴንሲያ ብዙ ቆማ አየችው።

"አንድ ይቀረኛል አይደል መምህር?"

"አንድ። በጁን።"

"ይበቃኛል።"

ከዚያ በደረጃው ስትወርድ አየኋት፣ ግድግዳውን ይዛ፣ አንድ አንድ እግር። ጉልበቷ ነው። አልጋ ሥር ተንበርክኮ መጥረግ ጨረሰው። የጠዋቷ እንግዳ ተቀባይ በጁን መጨረሻ ቲህዋና ሄዳ ልታገባ ነው፣ ቦታው ክፍት ይሆናል። ኦርቴንሲያ ያንን ቦታ ካላገኘች መውጣቷ ነው። አሁን ባለው ውጤት ግን ቦታው የኤሊሴዎ ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

የመምህራን ቀን! ኬክ፣ የሽሪምፕ ቶስታዳ፣ ቢራ። ተማሪዎቹ ሸሚዝ ገዙልኝ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ ግን ለበስኩት።

ሁሉም ሲሄድ ኤሊሴዎ ቀረ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

"መምህር፣ አድኑኝ።"

"ከምን?"

"ከእንግዳ መቀበያው! እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። አክስቴ ክራቫት ገዝታልኛለች። እኔ እኮ እዚያ ቆሜ ምን እላለሁ? ስልኩ ቢጮህ እኔም አብሬው ነው የምጮኸው!"

"ታዲያ 47 ከየት መጣ?"

መሬት መሬት አየ። "ረጅሙን ነው ያጠቆርኩት።"

"የምኑን ረጅም?"

"የመልሱን። የእርስዎ ትክክለኛ መልስ ሁልጊዜ ረጅም ነው እኮ መምህር። ሌሎቹ ሦስቱ አጫጭር ናቸው። ጥያቄውን አላነበብኩትም።"

ሳቅሁበት። ሙድ ይዘህብኛል አልኩት። አልሳቀም...

ዓርብ፣ ሜይ 16

ማመን ስላልቻልኩ ፈተናውን ይዤ ወደ ዶኛ ቻዮ ወረድኩ። ዶኛ ቻዮ የሚያውቁት እንግሊዝኛ "ኦኬ" ብቻ ነው፣ እሷንም ሲናገሩ ያፍራሉ።

"ረጅሟን መልስ ይምረጡ፣ ሌላ ምንም አያስቡ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። እኩል የመሰሉ ሲገጥሟቸው በጁስ መምጠጫ ለኩ! ለኩ! ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሳቸው እቴ።

41።

"አለፍኩ?" አሉኝ።

"አለፉ።"

"ታዲያ ምስክር ወረቀቴን ስጠኛ! ምን ይገትርሃል?"

ኩምሽሽ አልኩ። ሃያ ሰባት ዓመት! አሁን ሳስበው ገባኝ። ትክክለኛውን መልስ ስጽፍ ማንም እንዳይከራከረኝ እጨምርበታለሁ፣ እጨምርበታለሁ። የተሳሳቱትን ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቶሎ ቶሎ... የደከመኝ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ዶኛ ቻዮ ለመንገዱ ሁሉ አውርተዋል። የፋርማሲው ልጅ "መምህር፣ እሳቸው ካለፉ እኔንም ያሳልፉኛ" አለኝ። ሰላም ሳልለው አለፍኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 19

ለእህቴ ለግሪሴልዳ ነገርኳት። ምዝገባውንና ከሆቴሉ ጋር ያለውን ውል የያዘችው እሷ ናት። መጀመሪያ እስክታነባ ሳቀች። ቀጥላ በሩን ዘጋችው።

"ለማን ተናገርክ?"

"ለአንቺ። ኤሊሴዎና ዶኛ ቻዮ ያውቃሉ።"

"ዶኛ ቻዮ ካወቁማ ሬዲዮ ሰማው ማለት ነው። ስማኝ ኒካኖር፣ ፈተናውን እንዳትነካካ። ሆቴሉ ከሰማ ውሉን ይቀድደዋል። የኦርቴንሲያ ነገር ከሆነ ያስጨነቀህ፣ ጠጋ በልና 'ረጅሙን አጥቁሪ' በላት። አለቀ!"

አለቀ... እውነትም ይቀላል። ከትምህርት በኋላ ኦርቴንሲያን አስቀረኋት። የኤፕሪሉን ወረቀቷን አወጣሁ።

"ይሄንን ለምን ተውሽው? መልሱን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ግን በጣም ረዘመብኝ። ወጥመድ መሰለኝ።"

"ወጥመድ?"

"ሆቴል ውስጥ እኮ መምህር፣ ሳይጠየቅ ብዙ የሚያብራራ እንግዳ፣ አንድ ዕቃ ሰብሮ ነው።"

ከሳተቻቸው አሥራ ሦስት ውስጥ አሥሩ እንደዚያ ናቸው። አሥሩ! የምታውቀውን እንድትተወው ያደረግኳት እኔ ነኝ።

የግሪሴልዳ ምክር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። "ኦርቴንሲያ፣ ስሚኝ..."

"አቤት መምህር?" ደብተሯን ገለጠች። እስክሪብቶዋን ይዛ የምለውን ልትጽፍ ዝግጁ ሆና ታየኛለች።

አልቻልኩም። "በፈተናው ቀን... ውሃ በደንብ ጠጪ" አልኳት።

ጻፈችው። አስምራበት ነው ደግሞ!

ያንን ብነግራት ታልፍ ነበር። ግን በመጀመሪያው ጠዋት አንድ እንግዳ ሲጮህባት ምን ትላለች በሆዷ? "እዚህ የቆምኩት የመልስ ርዝመት ለክቼ ነው?" እሷ እኮ ታውቃለች። ማወቋ ይታይላት እንጂ።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

ደወልኩ። ለግሪሴልዳ ሳልነግራት።

የሆቴሉ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሴኞራ ኢልዳ ናት፣ የድሮ ተማሪዬ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ፈተናው ብልሹ ነው፣ የኤፕሪሉ ውጤት አይታመንም፣ አዲስ አወጣለሁ፣ ለጁን ይደርሳል። ከወዲያ የወረቀት ድምፅ መጣ። ውሉ ሲቀደድ የሰማሁት መሰለኝ።

"መምህር... እኔም እኮ በዚያው ፈተና ነው ያለፍኩት። 48 ነበር ያመጣሁት።"

"አስታውሳለሁ።"

"ረጅሙን ነበር የመረጥኩት።"

ሁለታችንም ሳቅ አፈነን። ስትጨርስ ድምፅዋን አስተካክላ፣ አዲሱን አውጡ፣ የመናገር ፈተናም ጨምሩበት፣ በዕለቱ መጥቼ ካልተቀመጥኩ ግን አልቀበልም አለች። 48ቱን እንዴት እንዳመጣች ለማንም እንዳልናገር ደግሞ ለመነችኝ፤ እዚህ መጻፌ አይቆጠርም።

ግሪሴልዳ ስትሰማ ለሁለት ሰዓት አላናገረችኝም። ከዚያ ሳንድዊች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረገች። ታርቀናል ማለት ነው።

እሑድ፣ ሜይ 25

ማስመሪያ ይዤ ዋልኩ። ትክክለኛውን መልስ አሳጥራለሁ፣ የተሳሳቱትን አስረዝማለሁ። ጥሩ የተሳሳተ መልስ መጻፍ እንዲህ ከባድ ነው? ትንሽ የሚያውቅ ሰው "እሱ ነው" እንዲል፣ በደንብ የሚያውቅ ደግሞ "አይደለም" እንዲል... ስለ ተማሪው ማሰብ ይፈልጋል። ለስንት ዓመት ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ ነበር?

ኦርቴንሲያን ብጠይቃት በአንድ ጠዋት ይጠናቀቅ ነበር። እንግዶች የሚሉትን ሁሉ በጆሮዋ ይዛዋለች። ግን ጥያቄውን ያየ መፈተን አይችልም። ስለዚህ ሳገኛት ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ እከታለሁ። ዛሬ ገበያ ውስጥ አገኘችኝ፣ ሆዴ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፣ "መምህር፣ ሐኪም አይተዋል?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ኤሊሴዎ መቀበያውን አልፈልግም ብሎ ለሴኞራ ኢልዳ በራሱ አፍ ነገራት። ፊቱ በርቷል፣ አሥር ዓመት ያነሰ ይመስላል። ክራቫቱን ለአጎቱ ልጅ ሰጠው። ካልተፈተነ ጥያቄውን ቢያይ ችግር የለም። "እስቲ ስበረው" ብዬ አዲሱን ሰጠሁት።

በስምንት ደቂቃ መለሰው። 43።

"እንዴት?!"

"አጭሩን ነዋ! አሁን ደግሞ ትክክለኛው ሁልጊዜ አጭር ሆነ።"

በወረቀቱ ጭንቅላቱን መታሁት። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አልገባ ያለው ሰው እኔን ግን ፊደል በፊደል ያነበኛል!

ሰኞ፣ ጁን 2

እንደገና ከዜሮ። አራቱም ምርጫ ተቀራራቢ፣ የትክክለኛው ቦታ በዕጣ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ወረቀት ጠቅልዬ ከባርኔጣዬ አወጣሁ። ኤሊሴዎ ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠበት። አላበው። መብራት ላይ ይዞ ሁሉ አየው።

12!

ተቃቀፍን። ደረጃው ላይ "አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት!" እያለ ሲወርድ ዶኛ ቻዮ አስቁመው እኔም ልሞክር አሉ። እሳቸው 13።

"ባለፈው 41 አምጥቼ አሁን 13? ምን አደረግከኝ አንተ? ደነቆርኩ እኮ!"

"ዶኛ ቻዮ፣ እንግሊዝኛ መማር ያስፈልግዎታል።"

"መቼ ነው የሚጀመረው?" አሉኝ፣ ተቆጥተው።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ፈተናው ዛሬ ነበር። አምስት ተፈታኝ። ሴኞራ ኢልዳ ከኋላ ተቀምጣ ፊቷን በወረቀት ታራግባለች። ኤሊሴዎ ወረቀት አደለ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

ኦርቴንሲያ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። ወይኔ... የእኔ ምክር። በመሀል ሁለት ጊዜ ለመውጣት አስፈቀደች፣ ደቂቃዎቹን እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ከዚያ የመናገር ፈተናው። ጠረጴዛውን እንደ መቀበያ አዞርነው። እኔ የተናደደ እንግዳ፦ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጎረቤቴ ይዘፍናል፣ ገንዘቤን መልሱ! ሌሎቹ ላይ ስጮህ ተርበተበቱ። ኦርቴንሲያ ግን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስሜን ጠየቀችኝ። ጎረቤቱ የሚዘፍነው ምን ዓይነት ዘፈን ነው አለችኝ። ሳላስበው ሳቅሁ። በስተመጨረሻ ክፍል ቀየረችልኝ፣ እኔም አመስግኛት ሻንጣዬን ፍለጋ ዞር አልኩ... ሻንጣ የለኝም እኮ!

ሁለት ቃል ተሳስታለች። እውነተኛ እንግዳ ቢሆን ግን አያስተውለውም ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 13

44።

ሦስት ጊዜ አረምኩት። ግሪሴልዳም አረመችው። 44። ለኦርቴንሲያ ደወልኩላት፣ ሥራ ላይ ናት፣ የቫኪዩም ማሽን ይጮሃል።

"አልፈሻል።"

ማሽኑ ጠፋ።

"ኦርቴንሲያ?"

"እንደገና ይቁጠሩት መምህር። እኔ እጠብቃለሁ።"

ቆጠርኩላት። ጮክ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ አርባ አራት። ሠላሳዎቹ ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመረች፣ አርባ ላይ እኔም ጀመርኩ። ደስ ብሎኛል። እንዲህ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

ምስክር ወረቀቷን ላደርስ ጠዋት ሆቴሉ ሄድኩ። ኦርቴንሲያ ከመቀበያው ኋላ ናት፣ ሰማያዊ ኮት፣ ስሟ ደረቷ ላይ። ከፍ ያለ ወንበር አምጥተውላታል፣ ጉልበቷ አርፏል። እንግዳ ይዛ ስለነበር ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

እንግዳው ፂማም ሽማግሌ ነው። ተናገረ። አዳመጥኩ... ምንም። እንግሊዝኛ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ግን ቃሉን ሁሉ ያኝከዋል፣ ግማሹን ይውጠዋል። ተጠጋሁ። አሁንም ምንም! ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬ! ኦርቴንሲያ ትስቃለች፣ ትመልስለታለች፣ እሱም ይስቃል። ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ሚስቱ ባሕሩ ድረስ በእግር እንሂድ ብላ ትናንት ጨረሰችው። ዛሬ ተደብቆ መተኛት ይፈልጋል። ከጠየቀችሽ ወጥቷል በያት አለኝ።"

"አንድም ቃል አልሰማሁም።"

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወረቀቷን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ መሳቢያ ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

"የእርስዎ ካሴቶች ላይ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው መምህር። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት የለዎትም አይደል? እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጡና ይስሙ። ያልገባዎትን ይጻፉ፣ ሰው ሲቀንስ እነግርዎታለሁ።"

ተቀመጥኩ። ደብተር አወጣሁ። እስከ ምሳ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ኤሊሴዎ ከመዋኛው በኩል ሎሚ በበረዶ አመጣልኝና "አጭሩን ይምረጡ መምህር" ብሎኝ ሮጠ።

የፀሐይ ኮፍያ ያደረገች ሴትዮ ወረደች። የሽማግሌው ሚስት መሆን አለባት። ባሏን ጠየቀች፣ ኦርቴንሲያ ወጥቷል አለቻት፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሴትዮዋ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ጥግ ላይ አቀርቅሬ የምጭረውን፣ ማን እንደሆንኩም ጠየቀች።

ኦርቴንሲያ በእንግሊዝኛ መለሰችላት፣ ረጋ ብላ፣ አጥርታ። ይቺኛዋን ሙሉውን ሰማኋት።

"ተማሪዬ ነው" አለቻት።