የዩምና ትንፋሽ

ለምትናፍቂኝ ለእትዬ ረሒማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ ረፍት ይሰጡሻል? አብራሽ የምታድረው ሣራስ ደህና ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ልል ነበር፤ ግን ይህን የምጽፈው ለዚያ አይደለም። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ልጅሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነች ነው። ለዕረፍት የመጣው ሀምዳን ወደ ሪያድ ሊመለስ ስለሆነ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

የዩምና ነገር ነው። አትደንግጪ፤ ትበላለች፣ ትማራለች። እታች ወንዙ ውስጥ ዋና የለመደችው ልጅ ለዞኑ ውድድር መመረጧን ነግሬሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አቀበቱን በሚኒባስ ወጥተን ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል መዋኛ እወስዳታለሁ። ከጥቅምት ብርድ ወዲህ ግን በኃይል ስትዋኝ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣት፤ ምንም አልፈየደላት። እኔም የሰው ዓይን ይሆናል ብዬ ቁርኣን አስቀራሁላት።

አንድ ቅዳሜ ገንዳው መሐል ቀጥ አለች። አሰልጣኟ ፍቃዱ ጎትቶ አወጣት። አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ያፏጫል፤ አንገቷን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ፎጣ የምታድለው አሰገደች ልጅቷ ራሷን ልትስት መስሏት፣ እንደ ልማዳችን ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። እኔም ጭሱ እንዲገባላት ራሷን ደግፌ ያዝኩ። ሴቶቹ ከበዋት አሽትቺ፣ አሽትቺ የኔ እናት ይላሉ። እትዬ፣ ጭሱ ይባስ ዘጋት። ክንዴ ላይ እንዳለች ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። ፍቃዱ ዞር በሉ ብሎ ሁላችንንም ባይገፈትረን ኖሮ አላህ ያውቃል።

ከዚያ አዲስ አበባ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ደረጃ አስሩጧት ሲያበቃ ቀጭን መመልከቻ በአፍንጫዋ አስገብቶ አየ። ሳንባዋ ጤነኛ ነው፤ ድምፅ የሚያወጡት ሁለቱ ስስ አውታሮች አየር ስትስብ መከፈት ሲገባቸው ይገጥማሉ አለን። የገንዳው ክሎሪን፣ ብርዱ፣ ጭስ፣ ጭንቀትም ያስነሳዋል። መድኃኒቱ ልምምድ ነው፤ በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር ቀስ እያሉ ማውጣት። እኔስ ምን ላድርግላት ስለው፣ ምንም፣ አይንኳት፣ አይክበቧት፣ እርስዎ ብቻ ይረጋጉ አለኝ።

ይህ ምንም የሚሉት ነገር አቃተኝ። ሲነሳባት ገንዳው ዳር እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ እቀመጥባቸዋለሁ። ስትወጣ እሷው ታጽናናኛለች፤ አክስቴ፣ ዓሣን ውኃ አነቀው ቢሉሽ ታምኛለሽ ትለኛለች። እስቅላታለሁ።

ባለቤቴ ዓወል ይቅርባት ይላል። ፍቃዱ ልምምዱን ከያዘች ትችላለች ይላል። ውድድሩ ከዒድ በኋላ ነው፤ እሷ ሌላ ወሬ የላትም። እናቷ አንቺ ነሽ። ትዋኝ ካልሽ ይዣት እወጣለሁ፤ ትቅር ካልሽም እነግራታለሁ። እኔ አንዱንም ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

እማ ከሶላቷ በኋላ ስምሽን ሳትጠራ አትነሳም፤ ረመዳንን በሰላም ያድርስሽ ብላለች። ዓወልም ሰላም ይልሻል። ሣራን ሳሚልኝ። ዩምና መጻፌን ስለማታውቅ ሰላምታ አልላከችም። ሕመሙ ድምፅዋን አሻክሮታል፤ ስትደውዪ ለምን ሻከረ ብለሽ አትጠይቂያት። ወሬዋን አቋርጣ ዝም ካለችም ስልኩን አትዝጊ፤ እየተነፈሰች ነው፣ ጠብቂያት።

እህትሽ ፈሂማ
አሊዩ አምባ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.