አፋችን የማይታያቸው ጎጎ

ሰኞ

ዛሬም ቧጨሩኝ። ከጓንቱ በላይ፣ አንጓዬ ላይ። ደም አልወጣም፣ ግን ያቃጥላል። ሲስተር ሞሌፌ አልኮል ስታፈስበት አለቀስኩ። በአልኮሉ አሳበብኩ።

ለልምምድ እዚህ የአረጋውያን ቤት ከመጣሁ ጀምሮ የምንከባከበው ጎጎ ዛንዲሌን ነው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ግራ ጎናቸውን ስትሮክ መትቶታል። ጆሯቸው ከዚያ በፊት፣ ገና በጉልምስናቸው ነው የጠፋው። «በፊት ግን ምንም ችግር አልነበረም» አለችኝ ሊንዲዌ፣ እዚህ ብዙ የቆየችው ሠራተኛ። ከንፈር እያዩ ሁሉን ነገር ይረዱ ነበር፤ ወሬ የሚወዱ፣ ሰው የሚያስቁ ሴት ነበሩ። ኮሮና መጣ፣ ሁላችንም አፋችንን ሸፈንን፣ እሳቸው ዝም አሉ።

የትምህርታችን የመጀመሪያ ደንብ፦ ሰውን ከመንካትሽ በፊት ምን እንደምታደርጊ ንገሪው፣ እሺ እስኪልሽ ጠብቂ። እንዴት ልንገራቸው? በእጄ ባሳያቸው አይገባቸውም፣ ጽፌ እንዳላሳያቸው ቅርብ ያለ ፊደል አይታያቸውም። ስጠጋቸው የሚያዩት ሁለት ዓይንና ሰማያዊ ጨርቅ ነው። እኔም ብሆን እቧጭር ነበር።

ዓርብ መምህራችን ሚስስ ናይዱ ሊፈትኑኝ ይመጣሉ። ፈተናው አንድ ሰው ፈቅዶልኝ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ነው። ካለፍኩ ኮርሱ አለቀ። ካላለፍኩ ልምምዱ እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል፣ የተማሪ ፐርሚቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቀኝም።

ከፈተናው በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ጎጎ መብላት ትተዋል። ፓፑን፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ አፋቸው ጋ ስናደርስ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሻይ ብቻ። ሲስተር ሞሌፌ እንዲህ ከቀጠሉ ሆስፒታል እንልካቸዋለን አለች። ሆስፒታሎቹ ሞልተዋል። ሰሞኑን ከዚህ በአምቡላንስ የሄደ ሰው... አልጽፈውም።

ማታ ሰፈራችን ኮዝሞ ሲቲ፣ ሱቃችን። ወንድሜ ታምራት አንጓዬን አየና «እኔ እዚህ ሱቁን የሚያግዘኝ አጥቼ የሰው ያለህ እላለሁ፣ አንቺን የሰው እናት ትቧጭርሻለች» አለኝ። የዘይት ካርቶን ደርድሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለሚስስ ናይዱ በዋትስአፕ ሁሉንም ጻፍኩላቸው። ኖርዝጌት ሳንደርስ በድምፅ መለሱልኝ። «ታዲያ አፍሽን እንዲያዩ አድርጊ እንጂ! መሃሉ የሚያሳይ ላስቲክ የሆነ ማስክ የሚሠሩ አሉ። መጀመሪያ ሲስተሯን አስፈቅጂ።»

ሲስተር ሞሌፌ ትንሽ አሰበች። የሚታጠብ ይሁን። አፍና አፍንጫ በደንብ ይዝጋ። ከላይ የፊት መከለያ አድርጊበት። የክፍሉ መስኮት ይከፈት። «ከዚህ አንዱ ከጎደለ የለም።» ላቅፋት ነበር። ማቀፍ ክልክል ስለሆነ በክርን ተነካካን።

ከሥራ በኋላ ፎርድስበርግ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ድሮ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር፣ አሁን ማስክ ብቻ ነው የሚሰፉት።

«አፍ የሚያሳይ ማስክ? ልጄ፣ ሰዉ የታዘዘው አፉን እንዲሸፍን አይደለም እንዴ?»

ስለ ጎጎ ነገርኳቸው። ለጠረጴዛ ልብስ ከሚሸጠው ወፍራም ላስቲክ ቆርጠው፣ ዙሪያውን በጨርቅ ከፍፈው፣ አንድ ለእኔ አንድ ለሊንዲዌ ሰፉልኝ። መጀመሪያ ራሳቸው አድርገው በመስታወት አዩ። «ጢሜ እንኳን ይታያል» አሉና ሳቁ።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ሁለቴ ስተነፍስ ላስቲኩ በእንፋሎት ተሸፈነ! ሳወራ ይብሳል። ታምራት «ዝናብ ቀን የታክሲ መስኮት መሰልሽ» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተናደድኩ። በኋላ ግን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከመደርደሪያ አንስቶ፣ በደረቅ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ቀባልኝና ወለወለው። የመኪናውን መስታወት ክረምት ክረምት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሠራ። ስጮህም፣ ስዘምርም ጥርት እንዳለ ቀረ።

ረቡዕ

በቁርጥራጭ ልጽፈው ነው።

ሊንዲዌ በሻይ ሰዓት የዙሉ አረፍተ ነገሮች አስጠናችኝ። የእኔ ዙሉ የሱቅ ዙሉ ነው። ዳቦ አልቋል፣ ኤርታይም የስንት፣ ነገ ነይ። «ላነሳዎት ነው፣ ይፈቅዳሉ?» የሚል ነገር ሱቅ ውስጥ ማን ይላል?

ገባሁ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ራቅ ብዬ ቆምኩና «ሳውቦና፣ ጎጎ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

አዩኝ። ዓይኔን ሳይሆን አፌን። የተማርኩትን ቀጠልኩ። ደህና አደሩ? ልረዳዎት ነው የመጣሁት። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ከዚያ ቀኙ የከንፈራቸው ጫፍ ተነቃነቀ። ለረጅም ጊዜ ባልተናገረ፣ በሻከረ ድምፅ ለሊንዲዌ አንድ ነገር አሏት። ሊንዲዌ በሳቅ ፈረሰች።

«ምን አሉ?»

«ይቺ ልጅ ትኩስ ድንች ጎርሳ ነው እንዴ የምታወራው? አሉ።»

እንኳን ድምፄ፣ ከንፈሬም አክሰንት አለው ለካ!

ሳቃችን ሳያልቅ ጎጎ ወደ ሊንዲዌ ዞሩ። እሷም አዲሱን ማስክ አድርጋለች። ቀስ ብለው ጠየቋት። የሊንዲዌ ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። እኔ የሰማሁት «ኖምሳ» የሚለውን ስም ብቻ ነው።

ኖምሳ አንድያ ልጃቸው ናት። ጥየቃ ከተከለከለ ወዲህ በየሳምንቱ እርጎና ፍራፍሬ ለዘበኛው ሰጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ቆማ ትመለሳለች።

ጎጎ የጠየቁት «ኖምሳ የሞተችው መቼ ነው?» ብለው ነው።

ሊንዲዌ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ቤቱ ለጠያቂ ሲዘጋ ጎጎ ልጄስ ብለዋት ነበር። በማስክ ብትነግራቸው አልገባቸውም። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አሳየቻቸው። «ተዘግቷል ማለቴ ነበር። ተዘግቷል! እሳቸው ግን የሬሳ እጅ መስሏቸው...» ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኖምሳ ጠይቀው አያውቁም። እስከ ዛሬ።

አለች፣ ደህና ናት፣ እሑድም መጥታ ነበር ብለን ነገርናቸው። አላመኑንም። «ታባብሉኛላችሁ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በስልክ ቪዲዮ ሞከርን። ኔትወርኩ እየቆመ፣ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ዓይናቸውም ቅርብ ስለማያይ ገፉት። ምሳም እራትም አልበሉም።

ሲስተር ሞሌፌ በሩን ዘግታ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በስልክ ስታወራ ነበር። ስትወጣ «ኖምሳ ነገ ትምጣ» አለች። «ወደ ውስጥ አትገባም። የአትክልት ቦታው ላይ፣ ከመስኮቱ ውጪ ትቆማለች። መስታወቱ ይዘጋል። ብቻዋን ስለሆነች ማስኳን ታወልቃለች።»

ማታ ታምራትን አልጋ ላይ አስተኝቼ ወንበር ላይ ማዛወር ተለማመድኩ። ሆን ብሎ እንደ ጆንያ ይከብዳል። ወገቤ!

ሐሙስ

ኖምሳ በምሳ ሰዓቷ መጣች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች።

ጎጎን ከአልጋ ለማንሳት እኔና ሊንዲዌ ገባን። «ወደ መስኮቱ እንሂድ፣ ይፈቅዳሉ?» አልኩ በድንች ዙሉዬ። ደግሜ አልኩ። ደክሟቸው ይሁን ወይ ዋሾነታችንን ሊያረጋግጡ ፈልገው፣ አላውቅም፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አነሳናቸው። አልቧጨሩኝም።

መጋረጃውን ሲስተር ገለጠችው።

ኖምሳ ብርድ ያደረቀው ሣር ላይ ቆማለች። ማስኳን አወለቀች። «ማ» አለች። ለዚህ ዙሉ ማወቅ አያስፈልግም፣ ሁለት ከንፈር ገጥሞ ሲከፈት ነው። ድምፁ አይሰማም። ለእኛም አልተሰማንም። ለአንድ አፍታ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም እንደ ጎጎ ሆንን።

ጎጎ በደህናው እጃቸው መስታወቱን አንኳኩት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በቁጣ። ከዚያ ጮኹ። ሊንዲዌ በጆሮዬ እያንሾካሾከች ተረጎመችልኝ። «ለምን ከሳሽ? ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ይሄ ሹራብ ለዚህ ብርድ ይሆናል?»

ኖምሳ እያለቀሰች ትስቃለች። ቃል በቃል፣ ቀስ እያለች ነገረቻቸው፤ ጎጎ እየደገሙት ሊንዲዌ ተረጎመችልኝ። ታማ ነበር፣ ኮሮና ይዟት፣ ድናለች። በሩ ጋ ትመጣለች፣ አያስገቧትም። እርጎው ከእሷ ነው። ጎጎ ወደ ሲስተር ዞሩ። «እርጎው የእሷ ነው?» ሲስተር በመስታወቱ ማዶ ያለችውን እያሳየች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም፣ የእነሱ ነው። እኔና ሊንዲዌ አንሶላ የምናጥፍ መስለን ጀርባችንን ሰጠናቸው።

ኖምሳ ስትሄድ ጎጎ ሥጋ የሌለው ፓፕ አልበላም አሉ። ከወጥ ቤት ሥጋ መጣ። ሳህኑን ጨረሱት።

ዓርብ

አለፍኩ።

በቀላሉ ግን አይደለም። ሚስስ ናይዱ ጥግ ላይ ቆመው ምንም አይሉም፣ ይጽፋሉ። እኔ ዊልቸሩን አቀረብኩ፣ ቀበቶውን ወገባቸው ላይ አሰርኩ፣ ነገርኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። ላነሳቸው ስል ጎጎ የዊልቸሩን ጎማ ጠፍ ጠፍ አደረጉና «ብሬክ!» አሉ።

የግራውን ፍሬን አልቆለፍኩም! ቢነሱ ኖሮ ወንበሩ ሸሽቶ መሬት ነበሩ።

«ያስታወስሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሳቸው?» አሉ ሚስስ ናይዱ።

«እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው። ጎጎ ደከመኝ ይሉ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ይበቃል ቢሉኝ ፈተናው ያኔ አበቃ፣ ማስገደድ የለም። «እንደገና፣ ይፈቅዳሉ?» አልኩ። አፌን አይተው፣ እንደ ንግሥት እጃቸውን ዘረጉልኝ። የግራ ፍሬን። የቀኝ ፍሬን። እግራቸውን አስተካከልኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ አብረን ተነሳን፣ ዞርን፣ ቁጭ አሉ። ኩሬ ላይ እንዳረፈች ዳክዬ ቀስ ብለው።

ሚስስ ናይዱ ወረቀቱ ላይ «ብቁ» የሚለውን አከበቡ። ሲወጡ ከጋሽ ሸምሱ ማስክ ለሌሎቹም ተማሪዎች ማሠራት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ጎጎን ሄጄ «አለፍን» አልኳቸው። «አለፍኩ» ለማለት ነበር፣ ዙሉው ተምታታብኝ። አላረሙኝም።

ታምራት ሱቁን ለጎረቤት ትቶ ዶሮ ይዞ መጣ። ሲበላ «ነገም የምታነሺው ሰው ከፈለግሽ አለሁ» አለኝ።

እሑድ

ትናንት ከሌላኛው ክንፍ አንድ አዛውንት ስላሳላቸው ሁላችንም ተመረመርን። ሌሊቱን ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬን ያመመኝ መሰለኝ፣ ደግሞ አላመመኝም። በእኔ ማስክ ጎጎን አስይዣቸው ቢሆንስ? ዛሬ ረፋድ ላይ መልእክቱ መጣ። የሁላችንም ነጻ። የአዛውንቱም ጉንፋን ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ (በዙም ነው፣ ግማሹ ሰው ድምፁን መዝጋት አያውቅም) እማዬ ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና፣ ደወለች። መጨረስሽ እውነት ነው? እውነት ነው። እልልታዋን ጨርሳ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ግን የእኔ ልጅ፣ ሽማግሌ ማንሳት ትምህርት ያስፈልገዋል? ልጆቻቸው የት ሄደው ነው?»

ሁሌ እዚህ ላይ እንጣላለን። ዛሬ አልተከራከርኩም። ስለ ጎጎ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስለ ተጣመሩት እጆች፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መስኮቱ። አላቋረጠችኝም። መስመሩ ተቋርጦ ይሆን ብዬ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ። ልጇን አየቻት በመጨረሻ?»

«አየቻት።»

«በላች?»

«በላች። ሥጋ አምጡ ብላ።»

ትንፋሿን ረጅም አድርጋ ለቀቀችው።

«እንግዲያስ ደህና ነገር ነው የተማርሽው» አለች።

ሲስተር ሞሌፌ ሥራ እንዲሰጡኝ ለሥራ አስኪያጁ ጽፋለች። በተማሪ ፐርሚቴ መሥራት ይቻል አይቻል ገና አልታወቀም። ነገ የጠዋት ተረኛ ነኝ።