ማሽኑ የመዘገበው ሰዓት

ሰኞ
ግርማ ነው ያጠፋኝ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን፣ ጓድ ግርማ። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የሚከፈተው በፈቃድ ዲስክ ነው፤ ፈቃዱም ለእኛ ማሽን ብቻ ነው። ግልባጩ ሌላ መሥሪያ ቤት ተገኘ። ዛሬ የሻጩ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ከማሽኑ ወረቀት አወጣ። ለካ ፕሮግራሙ ሲከፈትም ሲገለበጥም ሰዓቱን በሆዱ ይይዛል። የተገለበጠው ባለፈው ሐሙስ በ12 ሰዓት ነው ይላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ።
ግርማ ወረቀት ጽፎ አነበበልኝ፤ ሐሙስ በ12 ሰዓት ብቻዬን እዚያ ነበርኩ የሚል። እውነት ነው አልኩ። የአሻራ ቀለም ሲያቀርቡልኝ ገፋሁትና በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ኩራቴ ገደለኝ።

ማክሰኞ
የመንግሥት ንብረት ስርቆት ነው አሉ። ዓርብ ኮሚቴ ፊት፣ ከዚያ ፖሊስ። ማሽኑን በጨርቅ እንኳ ነክቼው አላውቅም።
ግርማና የሻጩ ሰው ተጨቃጨቁ። የሠራተኛችንን መግቢያና መውጫ እንድትሰልሉ ማን ፈቀደላችሁ፣ እንከሳችኋለን ይላል ግርማ። ያኛውም ውል አፍርሳችኋል፣ እኛም እንከሳለን ይላል። ይካሰሱ። የምታሰረው እኔ።

ረቡዕ
ከታሰርኩ፦ የቀበሌ ቤቴ ይወሰዳል። ጡረታዬ ይቀራል፤ ሁለት ዓመት ነበር የቀረኝ። አልጋ ላይ የዋለችውን እህቴን ማን ያገላብጣታል?
ታይፒስቷ ፋይዛ፣ "አቦ እማማ፣ አንቺ የሬዲዮ ቁልፍ ማዞር የምትፈሪ!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የማሽኑን ወረቀት ቅጂ ግን በድብቅ ሰጠችኝ።

ሐሙስ
የፈረንጅ ፊደሉን አላውቅም፤ ቁጥሩን አውቃለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ሰኞ የሻጩ ሰው እፊታችን ማሽኑን የከፈተበት ነው። 9 ይላል። ያኔ ግን ሻይ ሳቀርብላቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር።
ደጋግሜ አየሁት። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እንግዲያው የእሱ 12 የእኛ ስድስት ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን። ያን ጊዜ ድሬዳዋ በሙሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ይተኛል። እኔም እህቴን ላጥብ እሄዳለሁ። ቢሮው ማራገቢያ ያለው ግርማ ብቻ ይቀራል።
ያውቅ ነበር። ያነበበልኝ ጊዜ ያውቅ ነበር።

ዓርብ
ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። የሻጩን ሰው፣ ሰኞ ማሽኑን በስንት ሰዓት ከፈትከው አልኩት። በሦስት አለኝ። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ የሚለውስ? ወረቀቱን አየና፣ "እማማ ልክ ናቸው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 12 ያለውም እኩለ ቀን ነው። ማንም አልጠየቀኝም" አለ።
ግርማ ላቡን እየጠረገ፣ "ቁጥር ማን አስተማረሽ?" አለኝ።
"አንተ ነህ እንዴ? አብዮቱ ነው።"
የኮሚቴው ሊቀመንበር ሳቁን ዋጠ።
ነጻ ነሽ ያለኝ ግን የለም። ሰኞ እንወስናለን አሉ። የፈረምኩበት ወረቀት አሁንም ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ቅደዱልኝ ብል እንቢ አሉ። ከእንግዲህ በራሴ ዓይን ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም።